አልትራሳውንድ «ደህና ነው» ካለ በኋላ የጉበት ጥንካሬ ለምን ይለካል?

ሰላም እህቴ። አባትሽ ሄፓታይተስ ቢ አለባቸው። ደብረ ብርሃን አልትራሳውንድ ተነስተው ጉበታቸው ደህና ነው ተባሉ። ሐኪሙ ግን «አዲስ አበባ ሄደው የጉበት ጥንካሬ ይለኩ» አላቸው። «ዝም ብሎ ገንዘብ ማስወጣት ነው ወይ?» ብለሻል። አይደለም። ይሂዱ።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ አልትራሳውንድ ክፍል ነው የምሠራው። ከመንዝም ከሸዋ ሮቢትም የሄፓታይተስ ታካሚ ይመጣል። በእኛ ማሽን የማየው የጉበቱን መጠን፣ ቅርጽና ዳር ነው። ዳሩ ከተጎረባበጠ ወይም ሆድ ውኃ ከቋጠረ እጽፋለሁ። ቫይረሱ ጉበቱን እየጎዳ የሚተወው፣ ጉበቱንም የሚያጠነክረው ጠባሳ ገና ሲጀምር ግን ጉበቱ ለዓይን ከጤነኛ አይለይም። እኔ ደህና ብዬ የጻፍኩት ጉበት ውስጥ ውስጡን መጠንከር ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

የሚለካውን ማሽን ሥልጠና ላይ አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ። በጣም ነው የወደድኩት። መጀመሪያ ጠንከር ያለ የድምፅ ግፊት ወደ ጉበቱ ይልካል። ግፊቱ ሥጋውን በጥቂቱ ይነቀንቀዋል፤ ንቅናቄው ወደ ጎን ሞገድ ሆኖ ይሄዳል። የልብስ ማስጫ ገመድ ላላ ሲል ብትነቀንቂው ሞገዱ ቀስ ይላል፤ ሲወጠር ይፈጥናል። የጉበትም እንደዚያው ነው።

ሞገዱን መያዙ ነው ከባዱ። 3 ሴንቲሜትር ለማለፍ የሴኮንድ 2 መቶኛ ያህል ይበቃዋል። የእኛ ማሽን በሴኮንድ የሚያነሳው በአሥሮች የሚቆጠር ምስል ስለሆነ አይደርስበትም። ፓሪስ ውስጥ ተመራማሪዎቹ እነ ማትያስ ፊንክና ሚካኤል ታንተር ዘዴ አገኙለት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙት። መስመር በመስመር ከመቃኘት ይልቅ ድምፁን ቦታው ላይ ባንዴ ይለቁታል። በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ምስል ይገኛል። ሞገዱ በሴኮንድ 1.3 ሜትር ከሄደ ጥንካሬው ወደ 5 ኪሎፓስካል ነው፤ 2.2 ከሄደ ወደ 14.5 ይወጣል። ፍጥነቱ ትንሽ ሲጨምር ቁጥሩ እንዴት እንደሚዘል አየሽ?

ፋይብሮስካን የሚባለው ሌላው ማሽን ደግሞ ጎድን ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ነው የሚለካው። ሐሳቡ አንድ ነው። ሁለቱም አያምም፤ መርፌም የለው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከመለካታቸው በፊት ቢያንስ ለ3 ሰዓት ምግብ እንዳይቀምሱ። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነስቶ ሸኖ ላይ ቁርስ መብላት የተለመደ ነው፤ እባክሽ ያቺን ቁርስ አስቀሪያት። ምግብ ሲበላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። ክፍሉ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያደርጋሉ። «ትንፋሽ ያዝ» ሲባሉ በረጅሙ ስበው ሳይሆን ባሉበት ነው የሚይዙት። ይህን ቤት ውስጥ አለማምጃቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ሲደነግጡ በኃይል ይስባሉ። ስክሪኑ ላይ የጉበቱ አንድ ክፍል በቀለም ይሸፈናል፤ ቀለሙ እስኪረጋ ባለሙያው ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል።

ቁጥሩ ከ5 ኪሎፓስካል በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ከ15 በላይ ከባድ ጠባሳ ያስጠረጥራል። መሃሉ ላይ ግን አትደንግጡ። ጉበቱ በዚያ ሰሞን ተቆጥቶ ከሆነ፣ ወይም የልብ ድካም ካለ፣ ያለ ጠባሳም ቁጥሩ ይወጣል። ሐኪሙ ከደም ምርመራው ጋር አያይዞ ይየው።

አንቺና ወንድሞችሽም ተመርመሩ። ቫይረሱ ከሌለባችሁ ክትባቱን ውሰዱ። የአባትሽን የውጤት ወረቀት ደግሞ አስቀምጪው፤ የማሽኑ ዓይነት መጻፉንም እዪ። የአንዱ ማሽን ቁጥር ከሌላው ጋር ልክ ስለማይገጥም፣ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ዓይነት ቢለኩ ይሻላል።