ሠረገላ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ በደርግ ጊዜ ሞስኮ ተምሮ ሲመለስ ያመጣው የታተመ ሥዕል ሳሎናችን ተሰቅሏል። ጥቁር የለበሰች፣ ባርኔጣዋ ላባ ያለው ቆንጆ ሴት ሠረገላ ላይ ሆና ቁልቁል ታየናለች። አባቴ «አና ካሬኒና ናት» ይላል። እናቴ ደግሞ «ኩራቷ አያድርስ» ትላለች። በእርግጥ ማን ናት? ቀለሙም እየለቀቀ ነው፤ ምን ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ልጄ፣ ላባውን ስትጠሪልኝ ነው ያወቅኳት። የሩሲያዊው ኢቫን ክራምስኮይ ሥራ ናት። በ1883 እ.ኤ.አ. ነው የሣላት። ዋናው ሥዕል ሞስኮ፣ ትሬቲያኮቭ ጋለሪ ይገኛል።

ክራምስኮይ «የማትታወቅ ሴት» ብሏት አለፈ። ማንነቷን በደብዳቤም በማስታወሻም አልጻፈም። አባትሽ የሚላት አና ካሬኒና የቶልስቶይ ልብ ወለድ ባለታሪክ ናት፤ ልብ ወለዱ ከሥዕሉ በፊት ወጥቷል፤ ክራምስኮይም ደራሲውን ቶልስቶይን በ1873 ሥሎታል። ስለዚህ በአባትሽ አይፈረድም። ማስረጃ ግን የለም።

ለእናትሽ ይህን ንገሪልኝ። ሴትዮዋ ያለችው ከፍ ያለ ሠረገላ ላይ ነው። ሰዓሊው እኛን ያቆመን ታች፣ መንገዱ ላይ ነው። ቁልቁል ብታየን ምን ይገርማል? ጠጋ ብለሽ ዓይኖቿን እያቸው፤ እርጥበት አላቸው። እኔ ንቀት አይታየኝም። የሰው ዓይን የሰለቻት፣ ግን ፊቷን አላዞርም ያለች ሴት ናት የምትታየኝ።

ያኔም በደንብ ታምታለች። ስመ ጥሩው ተቺ ስታሶቭ እንደ ሀብታም ቅምጥ ነው የቆጠራት። የጋለሪው መሥራች ትሬቲያኮቭ ራሱ አልገዛትም፤ ጋለሪው የገባችው በ1925 ነው፣ የግል ስብስቦች ከተወረሱ በኋላ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ክራምስኮይ እኮ በ1863 የፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የተረት አማልክት ሣሉ ሲላቸው እምቢ ብለው የወጡትን 14 ተማሪዎች የመራ ሰው ነው። ገበሬውንም በዚሁ ጥንቃቄ ነው የሣለው።

እጇንም አትለፊው። ቀጭን የቆዳ ጓንት አድርጋለች፤ የወርቅ አምባሩ ከጓንቱ በላይ ነው። የኮቷ ጠርዝ ፀጉር፣ ሰማያዊው ሪባን፣ ሁሉም በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል። ከኋላዋ ያለው የፒተርስበርግ ኔቭስኪ ጎዳና ግን በብርዱ ጭጋግ ደብዝዟል። ሆን ብሎ ነው፤ ዓይናችን ከእሷ እንዳይነሳ።

ቀለሙን የሚያስለቅቀው ፀሐይ ነው። መስኮት ከሚያየው ግድግዳ አንሱት፤ በእርጥብ ጨርቅም አትወልውሉት። ፍሬም ስታሠሩለት ደግሞ ጠርዙን እንዳይቆርጡባችሁ። ዋናው ወደ ጎን ሰፊ ነው፣ 99 በ75.5 ሴንቲ ሜትር፤ ጎኑ ከተቆረጠ ሠረገላው ይጠፋል።