«ሜጋ ዋት በሰዓት» ወይስ «ሜጋ ዋት ሰዓት»?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «ሜጋ ዋት በሰዓት» ሲባል እሰማለሁ። ልጄን ደግሞ የፊዚክስ መምህሯ «በሰዓት» አይባልም፣ «ኪሎ ዋት ሰዓት» ነው የሚባለው ብለዋታል። ግን «በ» ከሌለ አማርኛው ጎደሎ አይሆንም?

መልስ፦ መምህሯ ልክ ናቸው። ለጆሮ እንግዳ መሆኑ ይገባኛል፣ ግን ያቺ «በ» ትርጉሙን ገልብጣ ነው የምታስቀምጠው።

«60 ኪሎ ሜትር በሰዓት» ስንል ርቀቱን ለሰዓቱ እያካፈልን ነው። «5 ሊትር በሰከንድ»ም እንደዚያው። ኪሎ ዋት ሰዓት ግን ብዜት ነው። 3 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ሳይቋረጥ 2 ሰዓት ቢሠራ፣ ቆጣሪው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ክፍያ የሚታሰበውም በዚህ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ዋት ራሱ ፍጥነት መሆኑ ነው፤ 1 ዋት ማለት 1 ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) በሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ጊዜው ስሙ ውስጥ ባይታይም ትርጉሙ ውስጥ ቀድሞ ተቀምጧል። ለዚህ ነው «ምጣዱ በሰዓት 3 ኪሎ ዋት ይበላል» የሚለውም የማያስኬደው። «3 ኪሎ ዋት ይስባል» ይበቃል። በሰዓት ማለት ከፈለጉ «በሰዓት 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል» ይበሉ፤ ይረዝማል፣ ግን ልክ ነው።

«ሜጋ ዋት በሰዓት» ራሱ ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ማመንጫ ከ100 ሜጋ ዋት ተነስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ 300 ቢደርስ፣ ምርቱን በ200 ሜጋ ዋት በሰዓት ጨመረ ይባላል። ዜናው ግን ይህን ማለቱ አይደለም። የሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ አለቀ፤ ሰዓት አይጨመርበትም። ሁሉም ተርባይኖች ለ24 ሰዓት በሙሉ አቅም ቢሠሩ ደግሞ የቀኑ ምርት 123,600 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። አንዱ አቅም ነው፣ ሌላው ምርት፤ እኛ ሁለቱንም «ኃይል» ስለምንላቸው የሚለያቸው መለኪያው ብቻ ነው። ጋዜጠኞች እዚህ ላይ ቢጠነቀቁ ደስ ይለኛል።

ጎደሎ ይሆናል ላሉት፣ አይሆንም። «ካሬ ሜትር» እንላለን፣ ያለ ምንም መስተዋድድ፣ ማንም አልከበደውም። ቃሎቹ እንዳይነጣጠሉ ከፈለጉ «ኪሎዋት-ሰዓት» ብለው በሰረዝ ያያይዙ።

ስለ አጻጻፍ ካነሳን አይቀር፣ «ሜ.ዋ.» እያሉ ማሳጠሩን አልወደውም። በላቲን ፊደል ሜጋ (ሚሊዮን) እና ሚሊ (አንድ ሺህኛ) በትልቅና በትንሽ ፊደል ይለያሉ፣ በእኛ ግን ልዩነቱ የሜ እና የሚ ቅጥያ ብቻ ነው፣ በመጠን ደግሞ አንድ ቢሊዮን እጥፍ ነው። ሙሉውን ይጻፉት።