ሠላሳ ደቂቃ፣ አንዲት ሎሚ

በፊዚክስ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልጊ ቆይተሽ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአራተኛ ክፍል የማሳያ ትምህርት እንድትሰጪ ጠርቶሻል። ርዕሱ መሬት፣ ፀሐይና ጨረቃ፤ ጊዜው 30 ደቂቃ። «42 ስላይድ አዘጋጅቻለሁ፤ ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ስላይዶቹን ሁሉ ቤት ትተሻቸው ሂጂ። በእንዲህ ያሉ ፈተናዎች ላይ ፈታኝ ሆኜ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። ዲግሪሽን ማመልከቻሽ ላይ አይተውታል። የሚጠራጠሩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲናገር አድምጠሽ ማስጨረስ መቻልሽን ነው። ስለዚህ «ጨረቃ ለምን ትጎድላለች?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ግቢ። መልሱን ከመንገርሽ በፊት ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይሳሉ። አንዱ ደመና ሸፈናት ይላል፤ ሌላው የመሬት ጥላ አረፈባት ይላል (ይህን ከመምህራንም ሰምቻለሁ)። ወዲያው አታርሚያቸው።

ከዚያ እርሳስ ላይ የተሰካች ሎሚ ለሁለት ልጅ አንድ አንድ አድዪ። መጋረጃው ይዘጋ፣ መሐል ላይ አንድ አምፖል ይብራ። አምፖሉ ፀሐይ፣ ሎሚዋ ጨረቃ፣ የልጁ ጭንቅላት መሬት ነው። ልጁ ፊቱን ወደ አምፖሉ አድርጎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሎሚዋን ፊት ለፊቱ እንደያዘ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዙር። መጀመሪያ ሎሚዋ ጨለማ ናት፤ ቀጥሎ ጠርዟ ላይ ቀጭን ብርሃን ብቅ ይላል፤ ሩብ ዙር ሲደርስ ግማሿ ይበራል። ጀርባውን ለአምፖሉ ሲሰጥ ግን የራሱ ጭንቅላት ያጨልማታል፤ አንዱ «ጠፋች!» ብሎ መጮሁ አይቀርም። ያን ጊዜ «ከጭንቅላትህ በላይ ከፍ አድርጋት» በይው። ሙሉ ጨረቃ ትሆናለች። ጭንቅላቱ ሎሚዋን ሲያጨልማት የታየው የጨረቃ ግርዶሽ ነው፤ በየወሩ የማናየው የጨረቃ ምሕዋር (መሬትን የምትዞርበት መንገድ) ከመሬት ምሕዋር አንጻር 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ነው፤ አንቺ ግን ዲግሪውን አታንሺ፤ ልጁ በክንዱ ዐውቆታል።

ሥዕል ካሳየሽ ተጠንቀቂ። ብዙ የውጭ መጻሕፍት ማጭድ የመሰለችውን ጨረቃ አቁመው ይስሏታል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አብዛኛውን ጊዜ የምትታየን እንደ ታንኳ ጋደም ብላ ነው። ማታ ሰማይ ያየ ልጅ ይሞግትሻል፤ እውነቱም የእርሱ ነው።

ጊዜ ከተረፈሽ የእግር ኳስና የቴኒስ ኳስ ይዘሽ «መሬትና ጨረቃ ምን ያህል ይራራቁ?» በያቸው። አንድ እርምጃ ያህል ያራርቋቸዋል፤ በዚያ መጠን ርቀቱ ግን ወደ 6 ሜትር ተኩል ነው። ክፍሉ ሲጠባቸው እያየሽ ዝም በይ።

«አንደኛ ደረጃ ማስተማር ዲግሪዬን ማውረድ አይሆንም ወይ?» ላልሽው፣ እኔ አይመስለኝም። ደመወዙን፣ በአንድ ክፍል የሚመደበውን የልጅ ብዛትና የሳምንቱን ክፍለ ጊዜ ግን ሳትፈርሚ ጠይቂ። ወደፊት ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ካሰብሽ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማውን ከአሁኑ በዕቅድሽ አስገቢው።

መብራት ቢጠፋ የእጅ ባትሪ ያዢ። ሎሚውን ዋዜማው ላይ ግዢ፤ ጠንካራ ጠንካራውን ምረጪ፤ የበሰለው እርሳስ ላይ አይቆምም።