ሳንግሪያ በቤት፦ ጥያቄና መልስ

ሳንግሪያ በወይን ጠጅ ውስጥ ፍራፍሬ ተዘፍዝፎበት፣ ስኳርና ሶዳ ተጨምሮበት ቀዝቅዞ የሚጠጣ የስፔንና የፖርቱጋል መጠጥ ነው። ከታች ያለው ልክ ሁሉ ለአንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወይን የተሰላ ነው።

ጥ፦ ሠርቼ አላውቅም። ልኩንና ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝ።

መ፦ ያልጣፈጠ ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ፣ ብርቱካን ሁለት፣ ሎሚ አንድ፣ ጠንካራ ፖም አንድ፣ ብራንዲ 60 ሚሊ ሊትር፣ የብርቱካን ሊኬር (ብርቱካን ብርቱካን የሚል ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) 30፣ የስኳር ሽሮፕ 60፣ ቀረፋ አንድ እንጨት፣ ሶዳ ውሃ 300 ሚሊ ሊትር።

አንዱን ብርቱካን በደንብ አጥባችሁ ከነልጣጩ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሌላውን ጭመቁት፣ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ሎሚውን ግማሹን ቁረጡ፣ ግማሹን ጭመቁ። ፖሙን ሳትልጡ በትናንሹ ክተፉ። የተቆረጠውን ፍሬ ጆግ ውስጥ አድርጋችሁ ብራንዲ፣ ሊኬርና ሽሮፕ አፍስሱበትና ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ወይኑ ቶሎ ሲገባ ስኳሩም አልኮሉም ይሳሳል፣ ፍሬውም ጣዕሙን በዝግታ ይሰጣል፤ የግማሽ ሰዓቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወይኑን፣ ጭማቂዎቹንና ቀረፋውን ጨምራችሁ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ሊቀርብ ሲል ቀረፋውን አውጡ፣ የቀዘቀዘ ሶዳ ጨምሩ፣ ከሥር ወደ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አማስሉ።

ጥ፦ ምን ዓይነት ወይን ይሻላል? ውድ መሆን አለበት?

መ፦ የለበትም። የውድ ወይን ስውር ጣዕም በስኳርና በብርቱካን ሥር ይቀበራል። የሚፈለገው ፍሬ ፍሬ የሚል፣ በእንጨት በርሜል ያልቆየ፣ ወጣት ወይን ነው፤ ጋርናቻና ቴምፕራኒዮ የሚባሉት የስፔን ዝርያዎች ጥሩ ይሆናሉ። አፍ የሚያደርቅ፣ ጥቁር ወፍራም ወይን አትምረጡ። ታኒን (አፍ የሚያደርቀው የወይኑ ንጥረ ነገር) ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይጎመዝዛልና፣ በክፍል ሙቀት ሲጠጣ የሚያስደስተው ወይን ከበረዶ ጋር ሸካራ ይሆናል። ከትናንት የተረፈ ወይን ችግር የለውም። አቼቶ አቼቶ የሚል ከሆነ ግን ስኳር አያድነውም፤ ለሰላጣ ይሁን።

ጥ፦ ማታ ሠርቼ ጠዋት ስቀምሰው መራራ ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነብኝ።

መ፦ በመጀመሪያ መራራ ነው ወይስ የሚጎመዝዝ? ምላስ ላይ ቀርቶ ጉሮሮ ድረስ የሚከተላችሁ ከሆነ መራራ ነው። ድድና ጉንጭን የሚያደርቅ ከሆነ የታኒን ጉምዛዜ ነው። መድኃኒታቸው ይለያያል።

ምሬት ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ነው። ከላይ ያለው ባለቀለሙ ሽፋን ሽታ ያለው ዘይት ይሰጣል፣ ያንን እንፈልገዋለን። ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍልና ዘሩ ግን የሚመርሩ ነገሮች አሉባቸው፤ አልኮልና ጊዜ ሲያገኙ ወደ መጠጡ ይወጣሉ። ሎሚ ከብርቱካን ይብሳል። ስለዚህ ልጣጭ ያለበት ፍሬ ከአራት ሰዓት በላይ አይዘፍዘፍ። ማደር ካለበት ልጣጩን በቢላ ስስ አድርጋችሁ ባለቀለሙን ብቻ ላጡ፣ ነጩን ጣሉ፣ ውስጡን ቁረጡና ሁለቱን ጨምሩ። ዘሩንም ልቀሙ። ፍሬውን በማንኪያ መደቆስም ምሬቱን ያፈጥነዋል። ቀረፋና ቅርንፉድም ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቅርንፉድ ከሁለት ፍሬ በላይ ከገባ መጠጡ የጥርስ ሐኪም ክፍል ይሸታል።

አሁን የመረረውን ለማዳን ፍሬውን አጥልላችሁ ጣሉ፣ ሽሮፕ 20 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር ተደርጎ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉበት። ጨው ምሬትን ያለዝባል፤ ጨውነቱ ከተሰማችሁ ግን በዝቷል። የሚጎመዝዝ ከሆነ ደግሞ ሎሚ አትጨምሩ፣ አሲድ ጉምዛዜን ያባብሳል። የብርቱካን ጭማቂና ሶዳ አብዙ፣ በረዶም ቀንሱ።

ጥ፦ ስኳሩ ሥር ይዘቅጣል።

መ፦ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ስኳርን በዝግታ ነው የሚያሟሟው። እኩል ክብደት ስኳርና ውሃ እስኪሟሟ ብቻ አሙቁና አቀዝቅዙ፤ ሽሮፕ ማለት ይኸው ነው። ከላይ ያልነው 60 ሚሊ ሊትር ወደ 37 ግራም ስኳር አለው። ጣፋጭነቱን የምትቀምሱት ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ ቅዝቃዜ ጣፋጭን ስለሚያደበዝዝ ሞቅ ሳለ የበቃ የመሰለው በኋላ ያንሳል።

ጥ፦ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ሶዳውን ቀላቅዬ ፍሪጅ ባስገባው?

መ፦ ጋዙ ያልቃል፤ የሚቀርላችሁ የቀጠነ ወይን ነው። ሶዳ ከፍሪጅ ወጥቶ በመጨረሻው ደቂቃ ይግባ፤ ሞቅ ያለ ሶዳ ሲፈስስ ጋዙን ቶሎ ይለቃል። የሎሚ ጣዕም ያለው ጣፋጭ ለስላሳ የምትጠቀሙ ከሆነ ሽሮፑን በግማሽ ቀንሱ።

ጥ፦ በረዶው ቀልጦ ውሃ ውሃ አለብኝ።

መ፦ በረዶ መጠጡን ቀዝቃዛ አድርጎ እንዲያቆይ እንጂ ሞቃቱን እንዲያቀዘቅዝ አትጠብቁበት። ጆጉ በደንብ ከቀዘቀዘ በረዶው በዝግታ ይቀልጣል። በረዶውን ጆግ ውስጥ ሳይሆን ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ፣ ትልልቁን ምረጡ። ከዚያም የሚሻለው የወይን ፍሬ ወይም የብርቱካን ቁራጭ ፍሪዘር ውስጥ እንደ በረዶ አጠንክሮ በበረዶ ፋንታ መጠቀም ነው።

ጥ፦ ሙዝና እንጆሪ ይገባል?

መ፦ ሙዝ አይመከርም፤ ይፈረፈራል፣ መጠጡንም ያደፈርሰዋል። በጣም የበሰለ ማንጎም እንዲሁ። እንጆሪ ይገባል፣ ግን ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት፤ ብዙ ከቆየ ቀለሙን ለቅቆ ይልፈሰፈሳል። ፖም፣ ኮክና ብርቱካን መዘፍዘፍን ይችላሉ።

ጥ፦ ብራንዲ ግዴታ ነው? አልኮሉስ ስንት ይደርሳል?

መ፦ ግዴታ አይደለም። ወይኑ 13 በመቶ፣ ብራንዲውና ሊኬሩ 40 በመቶ ቢሆኑ ከላይ ያለው ቅንብር ያለ በረዶ ወደ 10 በመቶ ይደርሳል። ሁለቱ ከቀሩ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ጣፋጭነቱ አልኮሉን ስለሚሸፍነው እንደ ጭማቂ እንዳትጠጡት። በነገራችን ላይ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ታሽጎ የሚሸጥ ሳንግሪያ ከ4.5 በመቶ ማነስ፣ 12 በመቶም መሙላት የለበትም፤ ያለ ተጨማሪ መግለጫ «ሳንግሪያ» ተብሎ የሚሸጠውም የስፔንና የፖርቱጋሉ ብቻ ነው።

ጥ፦ ቲንቶ ዴ ቬራኖ የሚሉት ይኸው አይደለም?

መ፦ አይደለም። እሱ ቀይ ወይንና ጣፋጭ ለስላሳ እኩል በእኩል በበረዶ ላይ ተቀላቅሎ ወዲያው የሚጠጣ ነው። መዘፍዘፍ የለበትም። ለመሥራት ትዕግሥት ላጣ ሰው እሱ ይሻለዋል።

ጥ፦ በነጭ ወይንስ?

መ፦ ይሆናል። ያልጣፈጠ ነጭ ወይን፣ ኮክ፣ አረንጓዴ ፖም፣ ነጭ የወይን ፍሬ። ቀረፋውን ተዉት፣ ብራንዲውን ወደ 30 አውርዱ፣ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። እንደ ካቫ ያለ ጋዝ ያለው ወይን ከሆነ ፍሬውን በሊኬርና በሽሮፕ ብቻ ዘፍዝፉ፤ ወይኑን ሲቀርብ አፍስሱ፣ ሶዳ አያስፈልግም።

ጥ፦ አልኮል ለማይጠጡትስ? ወይኑን ባፈላው አልኮሉ አይጠፋም?

መ፦ ጥቂት ማፍላት ሁሉንም አያጠፋም፣ ጣዕሙንም የበሰለ ያደርገዋል። 500 ሚሊ ሊትር ያልተጣፈጠ የቀይ ወይን ፍሬ ጭማቂ፣ 250 ሚሊ ሊትር ጠንከር ያለ የቀዘቀዘ ከርከዴ ወይም ጥቁር ሻይ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ሻዩ የወይኑን ጉምዛዜ ይተካል፤ ያለ እሱ ሽሮፕ የምትጠጡ ይመስላችኋል። ስኳር አትጨምሩ። ፍሬው ግን ለብቻው ይዘጋጅላቸው። ከወይኑ የወጣው ፍሬ አልኮል ስለጠጣ ለልጆችም ለሚነዳም ሰው አይሰጥም።

ጥ፦ የተረፈው ስንት ቀን ይቆያል?

መ፦ ሶዳ ካልገባበት፣ ፍሬው ተጠልሎ ከወጣ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን። ሶዳ ከገባበት በዚያው ቀን ይጠጣ። የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ዕቃ ውስጥ አታሳድሩት፣ አሲዱ ብረቱን ይበላል፤ ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።