የጋዝ መዝገቡ ላይ የፈረመው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ከከተማው ርቆ ባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን፣ ከመሬት በታች ጋዝ እለካለሁ። ከሰል ሲጋም የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ንባቡ ሲጨምር ሰነበተ። አለቃዬ ፋኑን ከፍ አስደረገ፤ ንባቡ በግማሽ ወረደ፤ «ችግሩ ተፈቷል» ተባለ። እኔ ግን ከሰሉ ውስጥ ለውስጥ እየጋመ ይመስለኛል። ሥራውን ትቼ ብወጣ መብቴን አጣለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መስጋትዎ ትክክል ነው። በተለይ ከሰሉ እንደ ጭልጋው ሊግናይት የሚባለው ለጋ ከሰል ከሆነ ማንም ሳይለኩሰው የመጋም ጠባይ አለው። በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ አየር ሲያልፍ 40 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 40 እጅ) የተነበበ ጋዝ፣ አየሩ 20 ሲሆን 20 ፒፒኤም ይነበባል። የሚመነጨው ጋዝ አልቀነሰም፤ በብዙ አየር ቀጠነ እንጂ። ተጨማሪው አየር የጋመውን ሊያቀጣጥለውም ይችላል። ስለዚህ ከክርክሩ በፊት፣ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ሠራተኞቹ እንዲወጡም ይጠይቁ።

ሕጉ አጭር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። አደጋ ማንዣበቡን ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ፣ አንቀጽ 32 ያለማስጠንቀቂያ ውል እንዲያቋርጡ ይፈቅድልዎታል። በ15 የሥራ ቀናት ካልተጠቀሙበት ግን መብቱ ይቀራል። ማሳወቅዎን ማስረዳት ካልቻሉም መውጣትዎ ከሥራ እንደ መቅረት ሊቆጠርብዎ ይችላል።

አሁን ወደ ዘለሉት ነገር ልምጣ። ፋኑ ከፍ ካለ በኋላ መዝገቡ ላይ ምን ተጻፈ? ማን ፈረመ? ለኪው እርስዎ ነዎትና ፊርማው የእርስዎ ሳይሆን አይቀርም። ይቅር ይበሉኝና፣ ይህን ሳይነግሩ ምክር መጠየቅ ለራስዎ አይበጅም። ደንበኞች ደጋግመው የሚያዙበት ወጥመድ ይኼው ነው፦ ፒፒኤሙን ብቻ ጽፈው «ደህና» ብለው ይፈርማሉ፤ የአየሩ መጠን የሚሞላበት ዓምድ ባዶ ይቀራል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ገጹ ግን ያሳስታል። አደጋ ሲደርስ አሠሪው የሚያቀርበው ያንን ገጽ ነው፤ «የራሱ ለኪ ደህና ነው ብሎ ፈርሟል» ይላል። ሰው ከሞተ ደግሞ ጉዳዩ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሊያስነሳ ይችላል። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት ብቻውን አያድንዎትም። ልጆች እንጀራ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ፤ ይሁንና እዚያ ጉድጓድ የሚወርዱት ሰዎች የሚተማመኑት በእርስዎ ፊርማ ነው።

የፈረሙትን ገጽ አይሰርዙ፣ አይቅደዱ። ማረሚያውን በአዲስ መስመር፣ በዛሬው ቀን ይጻፉ። ከእንግዲህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ኦክስጅኑን፣ የአየሩን ፍጥነትና የመተላለፊያውን ስፋት ሳይሞሉ አይፈርሙ። የመለኪያው የካሊብሬሽን ወረቀት (በትክክል መለካቱ የተፈተሸበት ማስረጃ) የት እንዳለም ይወቁ። ማስጠንቀቂያዎን በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው፣ በግልባጩ ላይ ቀንና ቁጥር ያስጽፉ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ይላኩ። ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ያመልክቱ።

የቅጥር ውልዎን፣ ደብዳቤዎቹንና ግልባጮቹን ይዘው እዚያው ጎንደር ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ሰነዱን ሳላይ ይውጡ ወይም ይቆዩ ለማለት አልደፍርም። የመልቀቂያ ደብዳቤ አስቀድመው ጽፈው ከሆነ፣ ሳያስገቡት ለጠበቃው ያሳዩት። «በገዛ ፈቃዴ» የሚል ቃል ካለበት የአንቀጽ 32 ክርክርዎን ሊያሳጣዎት ይችላል።