ጉርሻውን እንዴት እምቢ ልበል?

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። አራት ኪሎ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ሥራዬ ፒያሳ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ውጭ አገር ሄጄ ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና አስቆርጬ አሳነስኩ። ስሄድ 118 ኪሎ ነበርኩ፤ በዓመት ከመንፈቅ 77 ገባሁ። ለእናቴ የነገርኳት ግን «የሐሞት ጠጠር ላስወጣ ነው» ብዬ ነው። ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ «በስፖርት ነው» እላለሁ። አሁን ሚዛኑ 83 ይላል። ሥጋ ይተናነቀኛል፤ ከእንጀራም ትንሽ ካለፍኩ ያስመልሰኛል። ማኪያቶና ጭማቂ ግን ምንም አይሉኝም። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ፤ እሑድ ከእናቴ ጋር ሥላሴ እናስቀድሳለን። በዓል ሲመጣ «በሞቴ» እያለች ታጎርሰኛለች፤ እምቢ ስላት ታለቅሳለች። ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሼ መልሼ ልወፍር ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የሐሞት ጠጠሩ ላይ ቀረ። እኔም ይህንኑ ቀዶ ጥገና የዛሬ ሰባት ዓመት ስደረግ ለዘመድ ሁሉ «የማኅፀን ዕጢ ነው» ብዬ ነበር። ያውም ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ፣ ሕመምተኛ የሆነውን እንዳይደብቅ ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ስለ ኪሎው ቶሎ ልንገርሽና ዛሬ ማታ ተኚ። ቀዶ ጥገናው ከጨጓራ ሦስት አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ያወጣል። አብሮ የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ምግብ ትዝ የማይለን አንድም ለዚህ ነው። እየቆየ ረሃቡ ይመለሳል፤ የቀረውም ጨጓራ ጥቂት ይለጠጣል። አብዛኛው ሰው በጣም የሚቀንሰው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው። 41 ጥለሽ 6 ተመለሰ። 35ቱ አሁንም የለም።

የሚያሳስበኝ የተመለሰበት መንገድ ነው። ሥጋው ሲተናነቅሽ ገበታሽ ሳታውቂው ወደሚንሸራተተው ዞሯል። ፈሳሽና ለስላሳ ነገር ከትንሿ ጨጓራ ቶሎ ስለሚወርድ አያጠግብም። በቀን አራት ማኪያቶ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትጠጪ 48 ግራም ያህል ስኳር ነው፤ ጭማቂውን ሳንቆጥር። እኔን ያዘናጋኝ ከቡና ጋር የሚቀርበው ቆሎና ዳቦ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ቆንጠር እያደረግኩ ስበላ፣ እንደ ምግብ ቆጥሬው አላውቅም።

አሁን ወደ ሐሞት ጠጠርሽ ልመለስ። በሁለተኛው ዓመቴ፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ካዛንቺስ የባለቤቴ እህት ቤት ተጠራን። ቀይ ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስትል ሁለተኛውንም ዋጥኩ። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠብኝ ያህል ሆነ፤ ምራቄ አረፋ ሆኖ ይወርዳል፤ ጓሮ ሮጬ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ተከትላኝ መጥታ ጀርባዬን ስታሻሽ እያለቀስኩ እውነቱን ነገርኳት። ያለችኝ አንድ ቃል ነው፦ «ምነው በነገርሽኝ!» ከዚያን ቀን ወዲህ ወጡ ትሪው ላይ ሳይፈስ የኔን አስቀድማ በትንሽ ሳህን ታስቀምጥልኛለች፤ ሌላው ሰው ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ የምትከለክልልኝ እሷ ናት።

እናትሽ የምታለቅሰው ለጉርሻው ብቻ አይመስለኝም። በእኛ አገር ድንገት የከሳ ሰው «ምን ነካው?» ይባላል። ልጇ 41 ኪሎ ጥላለች፤ በልታ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ስታስመልስ ትሰማታለች። አንቺ ብትሆኚ ምን ታስቢያለሽ? እኔ ነርሷ እንኳ ክፉ ክፉውን አስብ ነበር።

ከነገርሻት በኋላ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ከትሪው ጋር አትታገይም። የራስሽን ሳህን ያዢ፤ እኔ የምበላው በሻይ ስኒ ማስቀመጫ ነው። መጀመሪያ ወጡን፣ መጨረሻ ላይ ቦታ ከተረፈ እንጀራውን። ጉርሻሽ ከአውራ ጣት ጥፍር አይብለጥ፤ አፍሽ ውስጥ ገንፎ እስኪመስል አላምጪው፤ አንድ ገበታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ። ውኃ ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ጥብስ ለኛ ይከብዳል። ምንቸት አብሽ ግን ሥጋው የተፈጨ ነውና ይወርዳል፤ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብም እንዲሁ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ ከማኪያቶው በፊት የሚታሰበው እሱ ነው።

በጾም ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስርና ፉል ይረዱሻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ግን በቀረው ሰዓት ፕሮቲኑንም ውኃውንም ለማሟላት ጊዜ አይሰጥሽም፤ ትንሽ ጨጓራ ያመለጣትን በአንዴ አትተካም። እኔ የንስሐ አባቴን አማክሬ ከሥጋና ከወተት እየጾምኩ ጠዋት እንድበላ ፈቀዱልኝ። አንቺም አባትሽን ጠይቂ፤ ለእሳቸውም ቢሆን «የሐሞት ጠጠር ነው» አትበዪ፤ እውነቱን ንገሪያቸው።

ማስመለሱን ግን በጥድፊያ ነው ብለሽ አትለፊው። ምግቡ የሚያልፍበት ቦታ ጠብቦ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም በዚህ ሳምንት ይይሽ። በተደጋጋሚ የሚያስመልሰው ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል፤ ያ ደግሞ ነርቭና አንጎል ይጎዳል። በዚያው ደምሽን አስመርምሪ፦ ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ። እነዚህን ክኒኖች ዕድሜ ልክ ነው የምንውጣቸው። የብረቱን ከቡና ጋር አትዋጪ፤ ካልሲየም ከሱ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቅ። ራስሽን ሲያምሽ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያቆስላሉና ፓራሲታሞል ይበቃሻል።

ለእንቅስቃሴ ጂም አልልሽም። ከፒያሳ አራት ኪሎ ስትመለሺ ታክሲውን ተዪው፤ መንገዱ አሁን ለእግረኛ ሰፍቷል። እኔ ከማዘጋጃ ቤት ቸርችል ጎዳናን ይዤ እስከ ድሮው ባቡር ጣቢያ እወርዳለሁ፤ ዳገቱን ለመመለስ አቅም ሳይኖረኝ በታክሲ የምመጣበትም ቀን አለ።

ለእናትሽ መንገርን ገበታ ላይ አታድርጊው፤ እሷም እጇ ምግብ ላይ ነው፣ አንቺም ትፈሪያለሽ። እሑድ ከሥላሴ ስትወጡ በእግር አዝግሙ። ጎን ለጎን ሆናችሁ ስትሄዱ መናገር ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን አትተያዩም። «እማ፣ የዛኔ የሐሞት ጠጠር አልነበረም» ብለሽ ጀምሪ። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።