ጠይቁ እንመልሳለን፦ ከልብ ችግር ጋር የተወለዱ ጨቅላዎች

ጥያቄ፦ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል አዲስ የተመደብኩ ነርስ ነኝ። በተወለደ በሁለተኛ ቀኑ ፕሮስታግላንዲን የሚባል መድኃኒት የተጀመረለት ሕፃን አለን። ሳቹሬሽኑ (በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን በመቶኛ) 80 ላይ ሲቆይ ኦክስጅን ልጨምርለት ብል ሐኪሙ ከለከሉኝ። እንዲህ ዝቅ ብሎ ዝም ይባላል?

መልስ፦ ሲስተር፣ ሐኪሙ ምክንያት አላቸው። ሕፃኑ ማኅፀን ውስጥ ሳለ አኦርታን፣ ማለትም ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወስደውን ትልቅ ቧንቧ፣ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ቧንቧ ጋር የሚያገናኝ ዳክተስ የሚባል መተላለፊያ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በ3 ቀናት ውስጥ ይዘጋል። በአንዳንድ የልብ ችግሮች ግን ደም ወደ ሳንባ ወይም ወደ ታችኛው አካል የሚደርሰው በዚሁ በኩል ስለሆነ፣ ከተዘጋ ሕፃኑ በሰዓታት ውስጥ ይዳከማል። ፕሮስታግላንዲን ክፍት አድርጎ ሲያቆየው፣ ኦክስጅን ደግሞ ያጠበዋል። የሳንባን የደም ሥሮችም ያሰፋል። የግራ ልቡ ሳያድግ በቀረ ሕፃን ላይ ደሙ ሁሉ ወደ ሳንባ ይጎርፍና ኩላሊቱና አንጀቱ ይጎዳሉ፤ ሞኒተሩ 95 እያሳየ ሕፃኑ ይገረጣል፣ እግሩ ይቀዘቅዛል። ለእንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ75 እስከ 85 ነው። የእርስዎ ሕፃን ግብ በቁጥር ትእዛዙ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ሲወርድ ወዲያው ሐኪም ይጥሩ።

ሳቹሬሽኑን ብቻ አይመኑ። የብሽሽቱን ትርታ ከክንዱ ጋር ያነጻጽሩ። ደረቱን ለ5 ሰከንድ ተጭነው ሲለቁ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ያሳውቁ። ዳይፐሩን በደረቁ መዝነው ይጀምሩ፤ 1 ግራም ጭማሪ 1 ሚሊ ሊትር ሽንት ነው፤ በሰዓት በኪሎ ከ1 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም።

መድኃኒቱ ራሱ ትንፋሽ ሊያስቆም ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ከ2 ኪሎ በታች በሆኑት ላይ። ስለዚህ በልኩ የሆነ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) እና ማስክ ከአልጋው አይለይ። በደም ውስጥ በደቂቃዎች ስለሚጠፋ፣ ሲሪንጁ ሳያልቅ ተተኪው ይዘጋጅ፤ ሌላ ካኑላም (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) በመጠባበቂያነት ይግባ። በዚያው መስመር ሌላ መድኃኒት አይግፉ፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን ፕሮስታግላንዲን በአንዴ ይገፋበታል። የአየር አረፋም ሳይወጣ አይገናኝ፤ ደሙ ሳንባን ሳያልፍ ወደ ሰውነት በሚሻገርበት ልብ ትንሿ አረፋ አንጎል ልትደርስ ትችላለች።

ጥያቄ፦ የ3 ሳምንት ልጄ የልቡን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለው ተብለናል። ሲጠባ ግንባሩን ያልበዋል፤ ሳይጠግብ ያንቀላፋል። ረጅም ሰዓት ላጥባው?

መልስ፦ አይ፣ እናት። ለእሱ መጥባት ከባድ ሥራ ነው፤ ከ30 ደቂቃ ካለፈ ከሚያገኘው የሚያጠፋው ይበልጣል። ራሱን ከፍ አድርገው በየ2 እና 3 ሰዓቱ ያጥቡት፤ የቀረውን የታለበ ወተት በአፍንጫ ቱቦ መስጠት እንደሚያስፈልግ ሐኪም ይወስን። እንዲህ ያሉ ሕፃናት በቀን በኪሎ እስከ 150 ኪሎ ካሎሪ ሊፈልጉ ይችላሉ። ይህ ማለት ግን የዱቄት ወተት በራስ ግምት ማወፈር አይደለም፤ ማበልጸጊያው በባለሙያ ልክ ይሰጥ።

ራቁቱን፣ ከመጥባቱ በፊት፣ በአንድ ሚዛን ይመዝኑት። በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ጥሩ ነው። በድንገት ብዙ ከጨመረና የዐይኑ ቆብ ካበጠ ግን አይደሰቱ፤ ውኃ ነው። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ60 ካለፈ በዚያው ቀን ያሳዩት። ምላሱና ድዱ ከወትሮው ይልቅ ከጠቆረ ወይም አልነቃ ካለ ግን ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እጅና እግሩ ብቻ ሲበርደው መጥቆሩ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት በሰጠነው በ10 ደቂቃ አስታወከ። እንድገምለት?

መልስ፦ አይድገሙ፤ ቀጣዩንም መጠን እጥፍ አያድርጉ። በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ማስታወክና ወተት መጥላት መድኃኒቱ የመብዛቱም ምልክት ስለሆኑ፣ ከተደጋገሙ ከቀጣዩ መጠን በፊት ይደውሉ። በማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ይለኩ፤ 0.5 እና 5 ሚሊ ሊትር ተምታተው ጉዳት ደርሷል። ጡጦ ውስጥም አይቀላቅሉት፤ ካልጨረሰ ስንት እንደወሰደ አይታወቅም። ከመስጠትዎ በፊት የልቡን ምት ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ። ሐኪሙ ከሰጧችሁ ቁጥር በታች ከሆነ፣ ለጨቅላ ብዙ ጊዜ 100 ነው፣ ሳይሰጡ ይደውሉ። ፉሮሰማይድ የሚባለውን የሚያሸና መድኃኒትም የሚወስድ ከሆነ የፖታሲየም ምርመራ ቀጠሮውን አያሳልፉ፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን በተለመደው መጠንም ይመርዛል።